የማይከለክለው ቀዳዳ፦ የአንድ ግራይንደር አደጋ የጉዳይ ጥናት

ስለ አደጋው በእጄ የገባው የመጀመሪያ ዘገባ ከአንድ ገጽ አይበልጥም ነበር። በዘገባው ላይ የአደጋው ምክንያት ተብሎ የሰፈረው ሐሳብ ሁለት መስመር ብቻ የያዘ ሲሆን፣ «ሠራተኛው የማሽኑን ከለላ በማንሳትና ያልተፈቀደ መጠን ያለው ዲስክ በመግጠም የፈጸመው የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ጸሐፊው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ያየውን ጻፈ፤ ያየውም ከለላ የሌለው ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥ የእጅ ማሽን)፣ የተበታተነ ዲስክና ክንዱ የቆሰለ ወጣት ነው። ሆኖም ከሁለቱ ነጥቦች አንደኛው፣ በኋላ እንደምገልጸው፣ እውነት አልነበረም፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነት ቢሆንም ምክንያት ሳይሆን ራሱ ምክንያት ሊፈለግለት የሚገባ ነገር ነበር።

ማጣራቱን እንዳካሂድ የተጠራሁት አደጋው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ነው። ድርጅቱ የብረት ደረጃዎችንና የደረጃ መደገፊያዎችን የሚሠራና የሚገጥም መካከለኛ ወርክሾፕ ነው፤ ስሙንም ሆነ የሠራተኞቹን ስም አልጠቅስም። የዲስኩን ስብርባሪዎች ሰብስቤ ለክቻለሁ፣ ማሽኑን ፈትቼ አይቻለሁ፣ ከተጎዳው ወጣት፣ ከፎርማኑ፣ ሶኬቱን ከነቀለው ባልደረባና ከዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ጋር ለየብቻ ተነጋግሬያለሁ። ማንንም «ለምን እንዲህ አደረግህ?» ብዬ አልጠየቅሁም፤ ይህ ጥያቄ ሰውን ራሱን ወደ መከላከል ስለሚወስደው ከመልሱ የሚገኘው እውነት ጥቂት ነው። «መጀመሪያ ምን ያዝህ? ከዚያስ?» እያልኩ ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የጠየቅሁት።

የዚያ ቀን ሥራ

ሥራው አዲስ አልነበረም፤ የተሳሳተን ነገር ማረም ነበር። በአንድ ደረጃ ላይ ከተተከሉት የመደገፊያ ቋሚዎች አንዱ ከመስመሩ 4 ሴንቲሜትር ያህል ወጥቶ ስለተበየደ፣ ከሥሩ ተቆርጦ በትክክለኛው ቦታ እንደገና እንዲበየድ ታዘዘ። ቋሚው 60 በ60 ሚሊሜትር የሆነ፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ነው። ከታች በፕሌት ላይ፣ ከላይ ደግሞ ከእጅ መደገፊያው ጋር ተበይዷል፤ ከጀርባው 2 ሴንቲሜትር ብቻ ርቆ የኮንክሪት ግድግዳ አለ። ይህ የ2 ሴንቲሜትር ክፍተት ለቀሪው ታሪክ ሁሉ መነሻ ነው።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ወርክሾፑ የሚጠቀምበት 230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚገጠምለት ትልቁ ግራይንደር ነበር። እሱ ግን ካርቦኑ አልቆ ከዘጠኝ ቀን በፊት ከሥራ ወጥቷል። ካርቦን ማለት በሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያስተላልፍ፣ ከአውራ ጣት ጫፍ የማይበልጥ፣ በመፈተግ የሚያልቅና በየጊዜው የሚቀየር ቁራጭ ነው። የግዢ ጥያቄው በዕለቱ ተጽፎ ፊርማ እየጠበቀ ነበር።

ወጣቱ በሥራው ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ፣ እጁ የተፈታና ሥራ የማይመርጥ ሠራተኛ ነው። 125 ሚሊሜትሩን ትንሽ ግራይንደር ይዞ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ዲስኩ እንደማይደርስለት አወቀ፤ የዲስኩ ግማሽ ስፋት 62 ሚሊሜትር ተኩል ሲሆን የማሽኑ የማርሽ ቤት ከዚያ ላይ 30 ሚሊሜትር ያህል ስለሚይዝ፣ ወደ ብረቱ ሊገባ የሚችለው ከ32 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። የቱቦላሬው የፊትና የሁለቱ ጎኖች ገጽ በዚህ ይቆረጣል፤ ግድግዳውን የሚያየው የጀርባ ገጽ ግን አይነካም። ስለዚህ ወደ ካርቶኑ ሄደ።

ካርቶኑ በማሽኖቹ መደርደሪያ ሥር፣ ወለሉ ላይ የተቀመጠ ነው። በትልቁ ማሽን ላይ ተሠርቶባቸው ያነሱ፣ ነገር ግን «ገና ያላለቁ» የሚባሉ የ230 ዲስኮች ይጠራቀሙበታል። ወጣቱ አንድ ዲስክ አነሳ፤ ከቀረው የመሃል ክፍል ተነስቼ ስለካው ዲያሜትሩ 180 ሚሊሜትር ያህል ነበር። ከዚያም ፎርማኑ ወዳሉበት ጥቂት ቀረብ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ይህን ንግግር ለየብቻ ሲነግሩኝ ቃሉ አንድ ነበር፦

«ጋሼ፣ ትንሹ አልደረሰልኝም። ከካርቶኑ ትልቁን ልግጠምበት?»

«እንዳይነክስብህ ብቻ፣ ቀስ እያልክ ቁረጠው።»

ዲስኩን ገጠመ። የጎን እጀታው ከአጠገቡ ካለው ቋሚ ጋር ስለሚጋጭ ፈትቶ አስቀመጠው፤ በግራ እጁም የማሽኑን ራስ አቅፎ ያዘ። ማብሪያውን ወደ ፊት ገፍቶ ቆለፈው። ሁለቱ ጎኖች ያለ ችግር ተቆረጡ። የፊቱን ገጽ አልፎ በውስጥ በኩል ወደ ጀርባው ገጽ ሲገፋ፣ ማለትም ዲስኩ የሚደርሰው የመጨረሻ ጥልቀት ላይ ሲሆን፣ ከላይ ያለው የመደገፊያ ክብደት በተቆረጠው ክፍተት ላይ ተቀመጠና ዲስኩን ነከሰው። ማሽኑ ተጠማዘዘ፤ ዲስኩ ተበታተነ። አንዱ ስብርባሪ በግራ ክንዱ ከክርኑ በታች ገባ። ሌላው ከራሱ በላይ ባለው ኮንክሪት ላይ ጣት የሚያስገባ ቁስል ትቷል። ማሽኑ ከእጁ ወድቆም አልቆመም፤ ማብሪያው ተቆልፎ ስለነበር በዘንጉ ላይ የቀረውን የዲስክ ጉማጅ እያሽከረከረ ወለሉ ላይ ይዘልል ነበር። ሶኬቱ የተሰካው በታችኛው ወለል ሲሆን አንድ ባልደረባው ደረጃውን ሮጦ ወርዶ እስኪነቅለው ድረስ ወደ ቆሰለው ልጅ መጠጋት አልተቻለም። ከዚያ በኋላ የሆነው በአግባቡ የሆነ ነው፦ ቁስሉን በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ አጥብቀው ተጭነው፣ ክንዱን ከፍ አድርገው፣ ጨርቁን እያነሱ ሳያዩ ሐኪም ቤት አደረሱት። ሁለት ጅማቶች ተሰፍተዋል። ከወራት በኋላ ሦስት ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ይታዘዙታል፤ ሁለቱ ቀጥ አይሉም።

ቀዳዳውና ስሌቱ

አንድ ሰው ለ230 ሚሊሜትር ማሽን የተሠራን ዲስክ ለ125 ሚሊሜትር በተሠራ ማሽን ላይ እንዴት ሊገጥም ይችላል? መልሱ ቀላልና የሚያስደነግጥ ነው፤ በ115፣ በ125፣ በ180ና በ230 ሚሊሜትር የተለመዱ የመቁረጫ ዲስኮች ላይ የመሃል ቀዳዳው አንድ ዓይነት፣ 22.23 ሚሊሜትር ነው። የትንሹ ማሽን ዘንግ ትልቁን ዲስክ ያለ አንዳች ማንገራገር ይቀበለዋል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ ማብሪያው ሲነካም ይሽከረከራል። አንድ ቁልፍ ለማይገባው በር እንቢ እንደሚለው ሁሉ እንቢ የሚል ነገር በዚያ ቦታ የለም።

ልዩነቱ ያለው በዓይን በማይታየው በፍጥነቱ ላይ ነው። በአብዛኞቹ የእጅ መቁረጫ ዲስኮች ላይ ቀይ መስመር ይታያል፤ በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 12413 መሠረት ቀይ መስመር ማለት የዲስኩ ጠርዝ በሴኮንድ ከ80 ሜትር በላይ እንዳይጓዝ ማለት ነው። 230 ሚሊሜትር ዲስክ ወደዚህ ገደብ የሚደርሰው በደቂቃ 6,650 ዙር ገደማ ሲሽከረከር ነው፤ ይህም ቁጥር በላዩ ላይ ተጽፏል። ትንሹ ግራይንደር ግን ያለ ጭነት በደቂቃ 11,000 ዙር ይሽከረከራል። በዚህ ፍጥነት ላይ የራሱ 125 ሚሊሜትር ዲስክ ሲገጠምለት ጠርዙ በሴኮንድ 72 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከገደቡ በታች ነው። ከካርቶኑ የወጣው 180 ሚሊሜትር ዲስክ ሲገጠምለት ግን ጠርዙ በሴኮንድ 104 ሜትር ያህል ይሆናል። ዲስኩን ከመሃሉ ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ በፍጥነቱ ላይ የታየው 30 በመቶ ጭማሪ በዲስኩ አካል ላይ 68 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጫና ሆኖ ይመጣል። ብረት ሲነካ የማሽኑ ፍጥነት ይቀንሳል የሚል ክርክር ከአንድ ልምድ ካለው በያጅ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ዲስኩ ብረቱን ከመንካቱ በፊትና ከብረቱ በወጣ ቁጥር በሙሉ ፍጥነቱ ይሽከረከራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለመናዘዝ እገደዳለሁ። ወደ ደህንነት ሙያ ከመግባቴ በፊት ብየዳ ስሠራ ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ ዲስክ ሁለት ጊዜ ገጥሜ ቆርጫለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ምንም አልደረሰብኝም። ምንም አለመድረሱ ዕድል ብቻ አልነበረም። ዲስክ ሠሪዎች ከተጻፈው ፍጥነት በላይ የሚችል ትርፍ ጥንካሬ ይተዋሉ፤ ስለዚህ ከልክ በላይ የተሽከረከረ ዲስክ ብዙውን ጊዜ አይሰበርም። ክፋቱም ይኸው ነው። ያ ትርፍ የተቀመጠው ለመነከስ፣ ለመጣመምና ለድንገተኛ ምት ነው፤ እኛ ግን በፍጥነቱ አስቀድመን እንበላዋለን፤ ዲስኩ የሚነከስበት ቀን ሲመጣ የቀረው ነገር ጥቂት ነው። ወጣቱም በዚያው ወር ተመሳሳይ ዲስክ በዚያው ማሽን ላይ ሁለት ጊዜ ገጥሞ እንደቆረጠ ነግሮኛል። በእሱ ዓይን ነገሩ የተሞከረና የሠራ ዘዴ ነበር።

በዲስኩ መሃል ያለችውን የብረት ቀለበት አጽድቼ ስመለከት የተቀረጸባት የማብቂያ ጊዜ አልፎ ነበር። በሙጫ የሚያያዙ የእጅ ዲስኮች ከተሠሩ ከሦስት ዓመት በላይ እንዳያገለግሉ ይህ ቀን በቀለበቱ ላይ ይታተማል፤ ሙጫው በጊዜና በእርጥበት ይደክማልና። ካርቶኑ ደግሞ በየማታው በውኃ በሚታጠብ ወለል ላይ ነበር፤ ታችኛው ወረቀቱ በእጄ ተበጣጥሷል። የዲስኩ መዳከም ለመሰበሩ ምን ያህል እንዳዋጣ ከስብርባሪ መለየት ስላልቻልኩ በሪፖርቴ ውስጥ እንደ ምክንያት አላስቀመጥኩትም፤ ካርቶኑ ግን በዚያኑ ቀን እንዲወጣ ጠይቄያለሁ።

አቧራው የተናገረው

ሠራተኞቹ «ጋርድ» የሚሉት የትንሹ ማሽን ከለላ የተገኘው ከአደጋው ቦታ ርቆ፣ በወርክሾፑ መደርደሪያ የታችኛው ረድፍ ላይ፣ ከአሮጌ ገመዶች ሥር ነው። በላዩ ላይ የተኛው የብረት ብናኝና አቧራ ጣት ሲያልፍበት መንገድ የሚያወጣ ነበር። ማሽኑ ላይ ከለላው የሚታሰርበት አንገትም በዚሁ ብናኝ ተደፍኖ ዝጓል። ይህ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይደለም፤ ከለላው ከወጣ ወራት አልፈዋል። ማን እንዳነሳው ጠየቅሁ፤ የሚያስታውስ አልተገኘም። አንዱ በሽቦ ብሩሽ ዝገት ሲጠረግ ሳይወጣ አይቀርም አለኝ፤ ሌላው ማሽኑን ከመጀመሪያው እንዲሁ እንደሚያውቀው ነገረኝ። የተጎዳው ወጣት ከለላ ያለው ትንሽ ግራይንደር በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ በእጁ ይዞ አያውቅም። የመጀመሪያው ዘገባ «ከለላውን በማንሳት» ያለው በዚህ ምክንያት ተሠርዟል።

ስረዛው ወጣቱን ነጻ ለማውጣት ያህል ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ስለሆነ ነው። ስለ ከለላ ሲነሳ ሁላችንም የምናስበው ብልጭታንና ስብርባሪን ስለመመለሱ ነው፤ በእርግጥም በሠራተኛው በኩል ያለውን የዲስኩን ግማሽ ይሸፍናል፣ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ ወደ ክንዱ የመጣው ቁራጭ ምናልባት በእሱ ላይ ይቀር ነበር። ነገር ግን ከለላው ብዙም የማይነገርለት ሌላ ሥራ አለው። የ125 ማሽን ከለላ በመሃሉ ከ125 ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጥ ዲስክ ብቻ ያስገባል። 180 ሚሊሜትሩን ዲስክ ለመግጠም ቢሞከር ከከለላው ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ቀዳዳው እንቢ አይልም፣ ዘንጉ እንቢ አይልም፣ ዳዶው እንቢ አይልም፤ በመላው ማሽን ላይ ለተሳሳተ ዲስክ እንቢ የሚል ብቸኛ አካል ከለላው ነው። እሱ ከተነሳበት ቀን ጀምሮ ውሳኔው ሁሉ በማሽኑ ፊት የቆመው ሰው ላይ ወደቀ፤ ያ ሰው ደግሞ ሥራው የዘገየበት፣ ሁለት ጊዜ ያደረገው ነገር የሠራለትና ታላቁን ጠይቆ ፈቃድ ያገኘ ሰው ነው።

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው የማሽን ከለላ ስምምነት ቁጥር 119 በአንቀጽ 11 ይህን ጉዳይ በሁለት ወገን ያስረዋል። ማንም ሠራተኛ የተሰጠው ከለላ በቦታው ሳይኖር ማሽን እንዳይጠቀም ይከለክላል፤ በዚያው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማንም ሠራተኛ እንዲህ ባለው ማሽን እንዲሠራ እንዳይታዘዝ ይከለክላል። ብዙ ድርጅቶች የመጀመሪያውን ግማሽ በግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። ሁለተኛውን ግማሽ ተለጥፎ ያየሁበትን ወርክሾፕ አላስታውስም።

የፎርማኑ ዓረፍተ ነገር

ፎርማኑን ያነጋገርኳቸው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በብረት ሥራ ያሳለፉ፣ የተከበሩና ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው ናቸው፤ «ፈቅጄለታለሁ» ለማለት ሁለተኛ ጥያቄ አልጠበቁም። ንግግራቸውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። «እንዳይነክስብህ ብቻ፣ ቀስ እያልክ ቁረጠው» ሲሉ አደጋውን አስቀድመው በትክክል ጠርተውታል፤ ዲስኩ የተሰበረው በመነከስ ነውና። እውቀቱ በቦታው ነበር። የጎደለው እውቀቱ ወደ ተግባር የሚለወጥበት መንገድ ነው፤ «ቀስ በል» የተባለ ሰው በቀስታ ቢሠራም፣ ከላይ በክብደት የተጫነ ቋሚ ከሥሩ ሲቆረጥ ክፍተቱ መዘጋቱ አይቀርም። መነከስ የሚመጣው ከጭነቱ አቀማመጥ እንጂ ከእጅ ፍጥነት አይደለም። ጭነቱ ካልተደገፈ ወይም ክፍተቱ በሽብልቅ ካልተያዘ በስተቀር የዓለም ጥንቃቄ ሁሉ ተሰብስቦ አያድነውም።

ለምን መደገፊያው በክሪክ አልተደገፈም ብዬ አልጠየቅኋቸውም፤ ራሳቸው አነሱት። «በትልቁ ማሽን ሁልጊዜ ሳንደግፍ ነው የምንቆርጠው» አሉኝ። ትልቁ ማሽን ከባድ ነው፣ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ዲስኩም ጀርባውን በአንድ ጊዜ አልፎ ስለሚቆርጥ ክብደቱ ሳይቀመጥ ሥራው ያልቃል። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ የተለመደ አሠራር፣ መሣሪያው ሲለወጥ ሳይመረመር ወደ ሌላው ተሸጋግሯል። ይህን ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አክብጄ የምመለከተው፣ በእጅና በኃይል መሣሪያዎች ላይ የሚደርሱ አደጋዎች ብዙ ጊዜ የሚወለዱት በተተካ መሣሪያ ቀን ስለሆነ ነው። የተለመደው ሲጠፋ የሥራው ትእዛዝ ሳይለወጥ መሣሪያው ብቻ ይለወጣል።

ቋሚው ከአደጋው በኋላ ለሁለት ሳምንት ግማሹ ተቆርጦ ቆየ። የቀረውን ሊጨርሱ ፎርማኑ ራሳቸው ወጡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። መደገፊያውን ከሥር በክሪክና በጣውላ ደገፉት። የቀረውን የፊት ክፍል ከለላው በተመለሰለት ትንሽ ግራይንደር፣ በራሱ ዲስክ ጨረሱ። የጀርባውን ገጽ ግን በ2 ሴንቲሜትሩ ክፍተት ውስጥ አንድ ባዶ የሰጌቶ ምላጭ አስገብተው፣ መያዣውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው በእጅ ቆረጡት። ከመደገፉ ጋር አርባ ደቂቃ ፈጀ። ምላጩም፣ ክሪኩም፣ ጣውላውም በአደጋው ቀን በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነበሩ።

ስለ መከላከያ አልባሳት ጥቂት ልበል፤ ብዙ የሚያስኬድ አይደለም። ወጣቱ መነጽር አድርጎ ነበር፤ ዓይኑ የተረፈው ምናልባት በዚያ ነው። የፊት ጋሻ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ በብልጭታ ተቃጥሎ በውስጡ ሰው የማይታይ ስለሆነ ማንም አያወጣውም። የቆዳ ጓንቱና የሥራ ካፖርቱ እጅጌ ስብርባሪውን አላቆሙትም፤ በዚያ ፍጥነት ሊያቆሙት ይችላሉ ብሎ መጠበቅም ትክክል አይደለም።

የዕቃ ክፍሉ

ስለ ካርቶኑ የዕቃ ክፍሉን ኃላፊ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ ለሠራተኛ አዲስ ዲስክ የሚሰጡት ያለቀውን ሲመልስ ነው፤ ከግማሽ በላይ የቀረ ዲስክ ግን «አላለቀም» ተብሎ ይመለሳል። ደንቡ ብክነትን ለመከላከል የወጣና በራሱ ምክንያታዊ ነው። ውጤቱ ግን በትልቁ ማሽን የማይፈለጉ፣ ለትንሹ ማሽን ደግሞ የማይፈቀዱ ዲስኮች ባለቤት በሌለው ካርቶን ውስጥ መጠራቀማቸው ሆነ። ስቆጥራቸው 31 ነበሩ።

በዚያው አጋጣሚ የእጅ መሣሪያዎቹን መደርደሪያ አየሁ፤ የአደጋው አካል ባይሆኑም ዝም ብዬ ላልፋቸው አልቻልኩም። ከአራቱ መሮዎች የሦስቱ ራስ በመዶሻ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ እንዲህ ያለ ራስ ሲመታ የሚፈናጠረው ቁራጭ ከግራይንደር ብልጭታ የከፋ ነው፣ ማዳኛው ግን ጠርዙን ሞርዶ ማስተካከል ብቻ ነው። እጀታ የሌላቸው ሁለት ሞረዶች ነበሩ፤ ሹል ጭራቸው በእጅ መዳፍ ውስጥ ተይዞ ይሠራባቸዋል። ቡሎን ለመፍታት ቱቦ የተቀጠለበት የእንግሊዝ ቁልፍ አፉ ተከፍቶ ቀርቷል። ኃላፊዋ እነዚህን አንድ በአንድ ሳሳያቸው «የሚመልሰው ሰው ምንም ካላለኝ እኔ በምን አውቃለሁ?» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ዕቃው ወጥቶ እስኪገባ ድረስ ስለ ይዞታው የሚናገርበት ቦታ በመዝገቡ ላይ አልነበረም። ያለው ዓምድ «ወጪ» እና «ገቢ» ብቻ ነው።

የተለወጠውና ያልተለወጠው

ያቀረብኩት ምክረ ሐሳብ ወርክሾፑ ከጠበቀው ያነሰ ነበር፤ ሥልጠናንም በመጀመሪያ ደረጃ አላስቀመጥኩም። መነከስን አስቀድሞ የሚያውቅ ፎርማንና ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ባሉበት ቦታ የጎደለው እውቀት ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። በመጀመሪያ የጠየቅሁት ያነሱ ዲስኮች ሁሉ በዕቃ ክፍሉ መስኮት ላይ፣ በኃላፊዋ ፊት፣ በፒንሳ ተሰብረው እንዲጣሉና «አላለቀም» የሚለው ደንብ ለ230 ዲስኮች እንዲቀር ነው። ይህ በማግስቱ ተፈጽሟል። ሁለተኛው፣ የትንንሾቹ ግራይንደሮች ከለላ በሙሉ ተመልሶ እንዲገጠም፣ ከለላ የሌለው ማሽንም ከዕቃ ክፍሉ እንዳይወጣ ነው፤ በመዝገቡም ላይ «ይዞታ» የሚል ሦስተኛ ዓምድ ተጨመረ። ሦስተኛው፣ አንድ መሣሪያ ለጥገና ሲወጣ በእሱ ይሠሩ የነበሩ ሥራዎች ዝርዝር በዚያው ቀን እንዲታይና አሠራራቸው እንዲለወጥ ወይም እንዲቆዩ ነው፤ ይህንን ፎርማኑ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በራሳቸው እጅ ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ዘገባም ተነስቶ በአዲስ ተተክቷል፤ ወጣቱ የተጻፈበትን የዲሲፕሊን ደብዳቤ መልሰውለታል።

ያልተሟላው የማብሪያው ጉዳይ ነው። እጅ ሲለቀው ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ ያላቸው ማሽኖች እንዲተኩ ጠይቄ ነበር፤ ከስድስቱ ትንንሽ ግራይንደሮች ሦስቱ ተተኩ፤ የሚቆለፍ ማብሪያ ያላቸው ሦስቱ አሁንም በሥራ ላይ ናቸው። ቢያንስ ሶኬታቸው ሠራተኛው ሊደርስበት በሚችል ርቀት እንዲሰካ ተስማምተናል።

ከስድስት ወር በኋላ ለክትትል ተመለስኩ። ካርቶኑ የለም። የመሮዎቹ ራስ ተስተካክሏል፣ ሞረዶቹ እጀታ አላቸው። ወጣቱ ብየዳውን ትቶ ልኬትና ምልክት አደራረግ ላይ ይሠራል፤ ግራ እጁን እንዴት እንደሚጠቀምበት አሳየኝ። ከስድስቱ ማሽኖች የአምስቱ ከለላ በቦታው ነበር። የስድስተኛውን በመደርደሪያው ላይ አገኘሁት፤ በዚህ ጊዜ አቧራ አልያዘም። ማን እንዳነሳውም ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ በመዝገቡ ሦስተኛ ዓምድ ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፦ በውስጥ ማዕዘን ላይ ያለ ብየዳ ሲስተካከል ከለላው ስለሚጋጭ ማሽኑ አይገባም። እውነት ነው፤ አይገባም። ለጠባብ ማዕዘን የሚሆነው በቀጭን ቀበቶ የሚሞርድ ሌላ ማሽን ነው፤ ፎርማኑም ይህንኑ አውቀው የግዢ ጥያቄ ጽፈዋል። በጎበኘሁበት ዕለት ጥያቄው ፊርማ እየጠበቀ ስድስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር።